ክላውድ ላይ የቀረችው እናት

ተረት ተረት ስላችሁ «የመብራት» በሉኝ፤ የላም በረቱ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስንዱ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሟች እናቷን ፎቶ። እናቷ ካሜራ ስታይ ፊቷን በነጠላ ትሸፍን ነበር፤ ሳትሸፍን የሳቀችው አንድ ቀን፣ በስንዱ ሠርግ ነው። ያ ፎቶ የነበረበት ስልክ ጠፋ፤ ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ግን ቀርቷል። አንድ ቀን፣ አብሮ በተመዘገበው የእህቷ ኢሜይል ማስጠንቀቂያ መጣ፦ «ሁለት ዓመት ስላልተከፈተ ዛሬ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ይሰረዛል።» ስንዱ ስፌቷን ጥላ ተነሣች። የእናቷ ፊት ከሐሳቧም እየደበዘዘባት ነበርና ፈራች፤ በጣም ፈራች።

ክላውዱ «ይለፍ ቃል አምጪ፣ አለዚያ ፎቶ የለም» አላት። እሷ መች አውቃው! ያኔ ክላውዱ ሲከፈት ለሞባይል ቤቱ ባለቤት ለጋሽ ሽብሩ «እርስዎው ይክፈቱልኝ» ብላ፣ ስልኳን ሰጥታ ሻይ ልትጠጣ ሄዳለች። ምን ትስቃላችሁ? የእናንተንስ ማን ከፈተው?

ሮጠች። «ጋሽ ሽብሩ፣ ይለፍ ቃሌን!»

«ልጄ፣ የደንበኛው ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። መብራት ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የለም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ክላውዱ ያለ ይለፍ ቃል አይከፈት፣ ይለፍ ቃሉ ያለ ኮምፒውተር አይገኝ፣ ኮምፒውተሩ ያለ መብራት አይነሣ፤ ስንዱ ወዴት ትግባ?

የመብራት መስመር ሠራተኛውን ምሰሶ ሥር አገኘችው። «ወንድሜ፣ በእናትህ ቀጥልልኝ!»

«ያ የዋንዛ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ተኝቶ? ብቀጥለው እሳት ነው የሚነሣው።»

«ቁረጠዋ!»

«የዛፉ ባለቤት እትዬ ደብሪቱ እንቢ አሉ።»

አስር ተኩል ሆነ። ክላውዱ ያለ ይለፍ ቃል አይከፈት፣ ይለፍ ቃሉ ያለ ኮምፒውተር አይገኝ፣ ኮምፒውተሩ ያለ መብራት አይነሣ፣ መብራቱ ቅርንጫፉ ሳይቆረጥ አይመጣ። የስንዱ ልብ እንደ ስፌት መኪናዋ ይመታል።

እትዬ ደብሪቱ መቋሚያቸውን ይዘው ዋንዛው ሥር ቆመዋል። «አትንኩብኝ! ንጋቱ የተከለው ነው። አንድ ፎቶ እንኳ ሳይተውልኝ ሞተ። ይህን ከቆረጣችሁ ባሌን ሁለተኛ መቅበሬ ነው!»

አስራ አንድ ተኩል። ክላውዱ ያለ ይለፍ ቃል አይከፈት፣ ይለፍ ቃሉ ያለ ኮምፒውተር አይገኝ፣ ኮምፒውተሩ ያለ መብራት አይነሣ፣ መብራቱ ቅርንጫፉ ሳይቆረጥ አይመጣ፣ ቅርንጫፉ ያለ እትዬ ደብሪቱ አይቆረጥ፣ እትዬ ደብሪቱ የባላቸውን ማስታወሻ አይሰጡ። ስንዱ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ድንገት ቀና አለች።

«እትዬ፣ በሠርጌ ቀን ለእናቴ ጥላ የያዙላት ማን ነበሩ?»

አሮጊቷ ዋንዛውን ደገፍ አሉ። «ንጋቱ ነዋ።»

«ዛሬ ሊሰረዝ ባለው የእናቴ ፎቶ ላይ ከጎኗ አሉ፤ አብረው ይስቃሉ። ከተሰረዘ እሳቸውም ይሄዳሉ።»

መቋሚያው ከእጃቸው ወደቀ። «አንድ ቅርንጫፍ ብቻ! ግንዱን ከነካችሁ ወዮላችሁ!»

ቅርንጫፉ ተቆረጠ፣ መብራቱ መጣ፣ ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ይለፍ ቃሉ ተገኘ። ጉድ በሉ፤ ከአንድ እስከ ስምንት ያለ ቁጥር ነበር! አስራ ሁለት ሊሞላ አራት ደቂቃ ሲቀረው ክላውዱ ተከፈተ።

ጋሽ ሽብሩ ሁለት አተሙ፣ አንድ ፍላሽ ላይ ጫኑ። እትዬ ደብሪቱ የባላቸውን ፊት ሳሙ። ስንዱ ግን ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ እናቷ አንድ የፊት ጥርስ አልነበራትም፤ ስንዱ ረስታው ነበር።

ተረቴን መልሱ፣ ይለፍ ቃላችሁን ለሰው አታውርሱ።