ለችግኝ ሲባል የተቆረጠው ጫካ

አንድ ጊዜ ንጉሥ አንበሳ አራዊቱን ሰብስቦ «ከእንግዲህ እድገታችን አረንጓዴ ይሆናል! ክረምቱ ሳያልፍ ሁላችሁም ችግኝ ትከሉ» ብሎ አወጀ። ሁሉም አጨበጨበ። የገባው ግን አንድም አልነበረም።

አያ ጅቦ ወደ ቀበሮ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ አረንጓዴ እድገት ይበላል?» አለው።

«ሞኝ! ችግኝ ካለ ቅጠል አለ፤ ቅጠል ካለ ደግሞ ፍየል ይመጣል» አለ ቀበሮ።

ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ታዲያ የት እንትከል? ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ሁሉ ዛፍ ነው።»

«ይቆረጣላ! ዛፉ ካልተነሣ ለችግኙ ቦታ ከየት ይመጣል?»

ነገሩ ጅቦን ግራ አጋባው፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ግራ ያጋባኛል። ግን የፍየል ስም ከተጠራ ወዲያ ጅብ አያስብም፤ ግንዱን በጥርሱ ሲገዘግዝ ሰነበተ። ቀበሮ ደግሞ የወደቀውን ሁሉ አከሰለ። ከሰሉን ማን ይሸከም? ያው እመት አህይት ናታ!

«አያ ቀበሮ፣ እኔ አራስ ነኝ» አለች። «ደግሞ ምንጩን የያዘልን ይሄ ጫካ ነው ሲባል እሰማ ነበር።»

«አንቺ፣ እድገት ትቃወሚያለሽ?»

አህይት ደነገጠች። መቃወም አለመቃወሟን ራሷም ስላላወቀችው ዝም ብላ ተሸከመች።

በጋ ገባና አንበሳ ሥራውን ሊመርቅ መጣ። በተራቆተው ተረተር ላይ ስንዝር የማይሞሉ ችግኞች ጠውልገው ቆመዋል። «ውሃ አጠጧቸው እንጂ!» ብሎ ጮኸ። አህይት ውርንጭላዋን አስከትላ ወደ ምንጩ ወረደች። ምንጩ ደርቋል። ውርንጭላዋ የቀረውን ጭቃ ሲልስ ስታይ አንጀቷ ተቃጠለ፤ ፍርሃቷም ጠፍቶ ወደ አንበሳ ተመለሰች።

«ንጉሥ ሆይ፣ አደግን ሲባል ሰምቻለሁ፤ ልጄ ግን የሚጠጣው አጣ። ያደገው ማን ነው?»

አንበሳ ቀበሮን አስጠራ። ቀበሮ ግን ከሰሉን ሸጦ ሌላ ጫካ ገብቷል ተባለ። ወደ ጅቦ ዞረና «አንተ፣ ቁረጥ ያለህ ማን ነው?» አለው።

«እርስዎ ነዎት ጌታዬ! ትከሉ አላሉም?»

አህይት ልጇን እየነዳች የሰው አገር ወንዝ ፍለጋ ሄደች። ጅቦ ፀሐዩ ሲበረታበት ከአንዲት ችግኝ ሥር ሊጠለል ተጋደመ፤ ጥላው ግን ከአፍንጫው አላለፈም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለነገ እንተክላለን እያልን የዛሬውን ዛፍ ከጨፈጨፍን፣ እድገት ያልነው ነገር ከልጆቻችን አፍ የነጠቅነው ውሃ መሆኑን ነው።