የቀይዋ መኪና ኮሽታ

አንድ ባለወፍጮ ነበር፤ ስሙ ቢተው ይባላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከወፍጮው ድምፅ በላይ ሲጮህ ስለኖረ፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ «እንደምን አደራችሁ» ሲል ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይመልሱለት ነበር። ምስጢር ያወራ ቀን ምስጢሩን ሦስት ቀበሌ ይሰማዋል። ለቢተው መልካም ነገር ማለት ድምፁ የበዛ ነገር ነው። ዶሮ እንኳ ሲገዛ ሥጋውን አይቶ ሳይሆን አስጩሆ ነው የሚመርጠው።

ይህ ሰው አንዲት መኪና ነበረችው። ቀይ ናት፤ በሯ ሁለት ብቻ ነው፤ ለእሽቅድምድም የተሠራች ናት ይሏታል። ድሮ ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ፈረንጅ ነው ለቢተው ትቶለት የሄደው። ከማጠሯ የተነሣ ዶሮ ቆማ ቁልቁል ታያታለች። የሚነዳት ሰው የመንገዱን ድንጋይ አንድ በአንድ በመቀመጫው ይተዋወቀዋል። አርጅታለች፤ ቀለሟ ተላልጧል፤ የበሯ እጀታ በሽቦ ታስሯል። ሆኖም ሞተሯ ሲነሣ ፍየሎቹ ሁሉ ጥግ ይዘው በሰልፍ ይቆሙላታል።

መኪናዋ ውስጥ፣ ከፊተኛው ኪስ፣ በነጭ መሐረብ የተጠቀለለ አንድ ካሴት አለ። የካሴቱ ነገር እንዲህ ነው። የቢተው ሚስት የውብዳር ታማ እንደማትድን ስታውቅ፣ ልጇ ትርንጎ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። በዚያ አገር ሙሽራ ከአባቷ ግቢ ከመውጣቷ በፊት የእናቷን ጉልበት ስማ ትመረቃለች። የውብዳር ያን ቀን እንደማታየው ገባት። መቅጃ ቴፕ ተዋሰችና ባሏን «እስቲ ወንዝ ዳር ውሰደኝ፤ እዚህ ወፍጮው ምርቃቴን ይፈጭብኛል» አለችው። ወስዶ አቆመላት። ወዲያው መስኮቱን ዘግታ «በል አንተ ውረድ። አንተ ካለህ ካሴቱ የሚቀዳው አንተን ብቻ ነው» አለችው። ወረደ። ቀድታ ስትጨርስ ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልላ ሰጠችው። «ትርንጎ የምትዳር ቀን እዚችው መኪና ውስጥ አሰማት። ሌላ ቤት፣ ሌላ ቴፕ አልፈልግም። እኔ እዚህ አጠገቧ እንደተቀመጥኩ አድርጋ ትስማኝ።» ቢተው ማለላት። መሐላውን ሲምል ወንዝ የወረዱት ሴቶች እንስራቸውን ጣሉ ይባላል።

ዓመታት አለፉ፤ ትርንጎም ታጨች። ሠርጉ እሑድ ሊሆን ሳምንት ሲቀረው ቢተው «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ካሴቱን ከመኪናዋ ቴፕ ውስጥ ከተተው። ባትሪው ስለደከመ ሞተሩ ካልዞረ ቴፑ አይሠራም። ሞተሩን አስነሣ። ያን ጊዜ የመኪናዋ በር ተንኳኳ፣ መስኮቱ ተንቀጫቀጨ፣ ጣሪያው አጉረመረመ። በዚያ ሁሉ መካከል ከሩቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ ሰው፣ አንዲት ሴት አንድ ነገር ስትል ተሰማው። አንድም ቃል አልያዘም።

ትርንጎ ደጃፍ ቆማ ታየው ነበር። «አባዬ፣ እሷን ሳልሰማ ከዚህ ግቢ አልወጣም» አለችው። «ሚዜዎቹ ተሸክመው ይውሰዱኝ እንደሆነ እንጃ፤ በእግሬ አልወጣም።»

«ትሰሚያታለሽ!» አለ ቢተው። የጎረቤት ውሻ ሮጠ።

እንግዲህ ቢተው የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው። ያልተሰማ ነገር ሁሉ ጮክ ይበል። ከትልቁ ከተማ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ የቴፕ ባለሙያ አስመጣ። ባለሙያው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ጋሼ፣ ይቺን ለእኔ ተዋት። የምገጥምልህ ነገር ጆሮህ ላይ አይደለም የሚመታው፤ ጉበትህ ላይ ነው» አለ። ቢተው በደስታ ሊያቅፈው ምንም አልቀረው። ሰውዬው ከኋላ የበርሜል ክዳን የሚያህሉ ሦስት እስፒከሮች፣ በበሮቹ ላይ ትንንሽ እስፒከሮች፣ ከመቀመጫው ሥር ድምፅ ማጉያ፣ ከፊት ደግሞ መብራቱ እንደ ገና ዛፍ የሚብለጨለጭ አዲስ ቴፕ ገጠመና ረቡዕ ቀን ከፈተው።

ኧረ ያን ቀን የሆነውን! አህዮች ጭነታቸውን አራግፈው ወደ መጡበት አገር ተመለሱ። የወይዘሮ አስካል ወተት ማንም ሳይነካው ቅሉ ውስጥ ተንጦ ቅቤ አወጣ። ያለ ጥርስ የኖሩ ሽማግሌ ድዳቸው ተንገጫገጨ። አንድ ፍርድ ቤት የሚካሰሱ ወንድማማቾች የመጨረሻው ቀን መጣ ብለው ተቃቅፈው ታረቁ። የውብዳር ድምፅ ግን አልተሰማም። ጮክ ያለው ኮሽታው ነው። በሩ ቀድሞ ሲያንኳኳ ከነበረ አሁን ሊሰብር ነው የመጣው፤ ጣሪያው ቀድሞ ካጉረመረመ አሁን ይሳደባል። ካሴቱ ውስጥ ያለችው ሴት ከጉድጓድ ወደ ገደል ገባች።

ቢተው ሞተሩን አጠፋ። ባለሙያው ገጥሞ ሄዷል፤ ሠርጉ አራት ቀን ቀርቶታል። ቢተው በሕይወቱ ለሁለተኛ ጊዜ ፈራ። የመጀመሪያው የውብዳር የታመመች ጊዜ ነው።

ከዚችው ከትንሿ ከተማቸው ዳር አያ ዘገዬ የሚባሉ ሬዲዮ የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ። ሬዲዮ ከመክፈታቸው በፊት «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» ብለው ይጠይቁታል፤ ግማሹ እዚያው ይድናል የሚል አለ። ቢተው ሐሙስ ጠዋት መኪናዋን እያስጓራ ደጃቸው ደረሰ።

«አያ ዘገዬ! ድረሱልኝ! ድምፅ ይጨምሩልኝ!»

«አትጩህ፤ መጣሁ» አሉ። ወጥተው ሞተሩን አስነሡት፤ ካቻቢቴያቸውን አወጡና ጫፉን በሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሐኪም ልብ እንደሚያዳምጥ አዳመጡ። ከዚያም በሌላው በር፣ በጣሪያው፣ በወለሉ ዞሩ። በመጨረሻም ሳያስቡት ካቻቢቴውን ከቢተው ደረት ላይ አሳረፉና ፈገግ አሉ።

«ድምፅ አልጎደላትም» አሉት። «የበዛባት አለ። እሱን እንቀንስላታለን። ነገ ቤትህ እመጣለሁ። ግን አንድ ነገር አለኝ፤ ወፍጮውን ታቆማለህ።»

«ወፍጮውን?»

«ወፍጮውን።»

«አያ ዘገዬ፣ ያ ወፍጮ ከቆመ ከተማው ምን ይበላል? የሠርጉስ ዱቄት? ደግሞ መኪናዋ ናት የታመመችው፤ ወፍጮው ምን አደረገ?»

«ወፍጮው እየጮኸ የመኪናዋን ኮሽታ ማግኘት አልችልም። ኮሽታውን የሚያገኘው ደግሞ አንተ ነህ፤ እኔ አርጅቻለሁ፤ በሯ ሥር ተንበርከኩ ብትለኝ አልነሣም። የልጅህን እናት ድምፅ ከፈለግህ አቁመው። ካልፈለግህ ደግሞ እስፒከር ጨምር፤ ጣሪያው ላይ ቦታ አለ።»

ቢተው ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረ እግዚአብሔር ይወቅ። ዓርብ ጠዋት ግን ሌት ተቀን ቆሞ የማያውቀውን ወፍጮ አቆመው።

ምን ልበላችሁ! ጸጥታው እንደ ትልቅ ነጭ ድንኳን ከሰማይ ወርዶ ከተማዋ ላይ ተተከለ። ሰዉ ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ «ማን ሞተ?» እያለ ወጣ። ማንም እንዳልሞተ ሲያውቅ ባለበት ቆመ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ይኼ የሚንሾካሾከው ማነው?» አሉ።

«ወንዙ ነው እማማ» አሏቸው።

«ውይ! እስከ ዛሬ አለ እንዴ?»

ወፍጮው ከተተከለ ወዲህ የተወለዱ ሰዎች ቅጠል ድምፅ እንዳለው ያን ቀን አወቁ። ንብ ስታልፍ ሰው ጎንበስ አለላት። ቢተው ደግሞ ግቢው መካከል ቆሞ የገዛ እግሩ አሸዋ ሲረግጥ ሰማና ማን ተከተለኝ ብሎ ዞር አለ። ከዚያ ከጓዳ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ስታንጎራጉር ሰማ። ፀጉሯን እያበጠረች ነው። ቢተው ክው አለ። የውብዳር ናት። ራሷ ናት! ወደ በሩ ሮጠ። ትርንጎ ነበረች። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ሲኖሩ ልጁ በእናቷ ድምፅ እንደምታንጎራጉር ሰምቶ አያውቅም። ቤቱ ውስጥ የነበረውን ድምፅ ይዞ ቤቱን ሲያስጮህ ኖሯል።

«አባዬ፣ ምነው?» አለችው።

ቢተው ሄዶ ከመኪናዋ በር ሥር ተንበረከከ።

አያ ዘገዬ ከጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ስማ፤ የቱ ጋ ነው?» ይላሉ፤ ቢተው ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፎ ይፈልጋል። የላላ ብሎን አገኘ፤ አጠበቀ። መስኮቱ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝበትን ክፍተት አገኘ፤ ጎማ ወተፈበት። ከጣሪያው ውስጥ አንድ ጭብጥ የደረቀ ሽንብራ አወጣ፤ ማን እዚያ እንደዘራው የሚያውቅ የለም። ጣሪያውን በባና ብርድ ልብስ ለበጠው፤ በሩን በጥጥና በማጣበቂያ ሞላው። በየተራ ኮሽታዎቹ አንድ በአንድ ሞቱ። የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ከተሳፋሪው በር ሆድ ውስጥ ጥርስ ሲፋጭ የሚመስል ነገር። ይህችን ኮሽታ ቢተው ያውቃታል፤ ዓመት ከዓመት ሲረግማት ነው የኖረው። የበሩን ልባስ ፈልቅቆ እጁን እስከ ክንዱ አስገባና ያዛት።

የእንጨት ሚዶ ነበረች፤ ሁለት ጥርሷ የተሰበረ፣ የውብዳር ሚዶ። ያን ቀን ወንዝ ዳር በመስኮቱ ክፍተት ሾልካ የገባች መሆን አለባት።

አያ ዘገዬ አይተው «ረግመሃታል?» አሉት።

«በቀን ሦስት ጊዜ» አለ ቢተው። የተናገረው በዝግታ ነበር፤ እሳቸውም «እ?» ሳይሉት ሰሙት።

ቅዳሜ አያ ዘገዬ የበርሜል ክዳኖቹን አወጡ። ባለሙያው ከገጠመው ዕቃ አዲሱን ቴፕና የበሮቹን ትንንሽ እስፒከሮች ብቻ አስቀሩ፤ እነዚህንም እንደ ሕፃን ጠቅልለው አጥብቀው አሰሯቸው። ጥጥ በአረቄ ነክረው የካሴቱ ጥቅል የሚያልፍበትን ብረት ጠረጉ። «ጥቂት ከጠጣ እውነት ይናገራል» አሉ። ሞተሩን ሲያስነሡት ሞተሩ ብቻ ጓ አለ። «እሱ ይናገር፤ አንድ ድምፅ ነው፤ ሥራውን የሚሠራ አይረብሽም» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እሑድ ሆነ። ወፍጮው ቆሟል፤ ከበሮው ቆሟል፤ ሚዜ አጃቢው ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ትርንጎ ነጭ ለብሳ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ቢተው ሚዶዋን ከጭኗ ላይ አኖረላት፤ ሞተሩን አስነሥቶ ካሴቱን ከተተው።

መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሽ ነው። ሰው ሊናገር ሲል የሚስበው ትንፋሽ። ትርንጎ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች፤ የተቀመጠ ሰው አለ ብላ ነው። ከድምፁ ኋላ ወንዙ ይሰማል፤ ያ የድሮ ውኃ።

«ትርንጎዬ» አለች የውብዳር። «ዛሬ ያማርሽ ይመስለኛል። ጉልበቴ ይኸው፤ እንደሳምሽው ቆጥሬዋለሁ። ውለጂ፣ ክበጂ። እንጀራሽ ይጣፍጥ፣ ደጅሽ ሰው አይጣ። የሄድሽበት ቤት ይሙላልሽ። ደግሞ አባትሽን አደራ። ሲጮህ አትቀየሚው። የሚጮኸው ሲፈራ ነው። እኔ ከታመምኩ ወዲህ ከወፍጮው በላይ የሚጮኸው ፍርሃቱ እንዳይሰማበት ነው።» ከዚያ ወንዙ ብቻ ሄደ። «ቢተውዬ፣ አንተም እዚያው አለህ መሰለኝ። ቀስ ብለህ ንዳት እሺ።»

አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ሕዝብ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወፎቹ እንኳ አየር ላይ ቆሙ ቢባል አልክድም፤ ቀና ብሎ ያየ ስላልነበረ የሚያስተባብል አላገኘሁም።

«አባዬ፣ ሰማሃት?» አለች ትርንጎ።

ቢተው መለሰላት። ምን እንዳላት ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ሦስት ቀበሌ የሚሰማው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ድምፅ አወጣ። ከዚያ ቀይዋን መኪና አንቀሳቀሰ። ለእሽቅድምድም የተሠራችው መኪና ያን ቀን ከእግረኛ አጃቢዎቿ ኋላ ሄደች፤ አንዲት ዔሊም ቀድማታለች።

ከዚያ ወዲህ የዚያች ከተማ ወፍጮ ዘወትር ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጥቂት ይቆማል። እህል የሚያስፈጩ ሴቶች «ደግሞ ምን ሆነ?» ሲሉት ቢተው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ ወንዙ ያመለክታቸዋል።

ወዳጆቼ፣ የምንወደው ሰው ድምፅ አልሰማ ሲለን ብዙዎቻችን የምናደርገው የቢተውን ነው፤ እንጨምራለን፣ እናጎላለን፣ እንጮሃለን። የጨመርነው ሁሉ የራሳችንን ኮሽታ ነው የሚያጎላው። ፍቅርም፣ ምክርም፣ ምርቃትም ከመሠረቱ ድምፅ አልጎደላቸውም፤ የጎደለው ዝም ብሎ የሚሰማቸው ነው። በየቀኑ የምንረግመው ኮሽታም አንዳንዴ የተወደደ ሰው ጥሎልን የሄደው ዕቃ ይሆናል።

እስቲ ዛሬ ወፍጮህን ለጥቂት ጊዜ አቁም፤ አንቺም አቁሚ። እቤትህ ጓዳ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ቀስ ብሎ የሚያንጎራጉረው ማነው?