አያ ጅቦ የረገጠው ባና

አንድ ጊዜ መንዝ ላይ የሚኖር አንድ አንበሳ ከብርዱ የተነሳ ማግሳት አቃተው። አፉን በሰፊው ይከፍታል፤ ግን ጥርሱ ይንቀጫቀጭና ድምፁ እንደ ግልገል ፍየል ይንቀጠቀጣል። አይጦች እንኳ ከጉድጓዳቸው ወጥተው ሳቁበት።

በዚህ ተናዶ በጊትን አስጠራት። «ከጸጉርሽ ባና ሥሪልኝ፤ ወፍራምና ሞቃት ብርድ ልብስ ይሁን። እስከዚያ ማንም አይነካሽም» አላት። በጊት ዓይን አፋር ነበረችና መሬት መሬት እያየች «እሺ ጌታዬ» አለች። ጸጉሯን ፈትላ፣ ሰፊ አድርጋ ሸመነችው።

ሽመናውን በጨረሰችበት ጠዋት ግን ቀበሮ አንድ የሚያብረቀርቅ ቀይ ብርድ ልብስ ተሸክሞ መጣ። ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ያገኘው ነው።

«ጌታዬ፣ ይሄ የፋብሪካ ነው! ክሩ ከነዳጅ ነው የሚወጣው። አንድም በግ አልገባበትም።»

«ያለ በግ?» አለ አንበሳ።

«ያለ በግ! እንግዲህ በጊት ለምን ትጠቅመናለች?»

«ለጥብስ!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ ምራቁን እያዝረበረበ።

በጊት ባናዋን ይዛ ቀረበች። የእሷ ባና ገና ስስ ነበር። ጅቦ ብድግ አድርጎ በውስጡ አጮለቀ። «ይሄ ባና ነው ወንፊት? ቤቴ ድረስ ያሳየኛል!» ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

«ገና... ገና አልተረገጠም» አለች በጊት። «ፍል ውሃ ውስጥ ካልተረገጠ አይጠብቅም። የኔ እግር ደግሞ ቀጭን ነው።» ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «አያ ጅቦ፣ አንተ ብትረግጥልኝስ? ሠርቶ ለራበው ሰው ጥብስ ይጣፍጠዋል» አለች።

ጅቦ አሰበ። ማሰቡ ራሱ አደከመው። «እውነትሽን ነው! በደንብ ርቦኝ ልብላሽ!»

ፍል ውሃው ውስጥ ገብቶ ድው፣ ድው፣ ድው ያደርገው ጀመር። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሲያጨበጭቡለት እንደ ሠርገኛ ትከሻውን እየነቀነቀ ባሰበት። ባናው ከሥሩ እየተሰበሰበ ጠበቀ፣ ወፈረ። ጅቦ ቁልቁል ሲያይ ክው አለ።

«ኧረ ጉድ! ግማሹ የት ሄደ? በእግሬ በላሁት እንዴ?»

በጊት ሳታስበው ሳቀች። «ጠብቆ ነው፣ አያ ጅቦ። ለዚህ ብዬ ነው አስፍቼ የሸመንኩት።»

ቀበሮም እንዳይበለጥ የራሱን ሊረግጥ ገባ። ጨርቁ እያንሸራተተው ሦስት ጊዜ በአፍንጫው ተደፋ፤ ብርድ ልብሱ ግን ያው እንደነበረ ነው።

ሁለቱም ብርድ ልብሶች ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ደረቁ። በማግስቱ አንበሳ መጀመሪያ ቀዩን ለበሰ። ነፋሱ ደረቅ ነበርና ጨርቁ ጸጉሩ ላይ ሲታሽ ጠጠጥ እያለ ይንጣጣ ጀመር። ጎፈሩ እንደ መጥረጊያ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የአካባቢው ገለባና ላባ ሁሉ መጥቶ ተለጠፈበት። ጅቦ ላራግፍልዎ ብሎ ሲጠጋ ብልጭታ አፍንጫውን ነደፈው።

«ነከሰኝ! ልብሱ ነከሰኝ!» እያለ ተንከባለለ።

ወዲያው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ቀዩ ብርድ ልብስ በስብሶ የአንበሳው ጀርባ ላይ ተጣበቀ። አንበሳም አስነጠሰና «ባናውን አምጡ!» አለ። በጊት አለበሰችው። ዝናቡ የባናው ጸጉር ላይ ጠብ ጠብ እያለ ቀረ፤ ከሥር ሙቀት ነው። አንበሳ ዓይኑን ጨፈነ። አፉን ከፈተ። አገሳ! ተራራው አስተጋባ፤ አይጦቹም እግሬ አውጪኝ አሉ።

«ጌታዬ፣ ጥብሱስ?» አለ ጅቦ።

«ዝም በል! በጊት ዛሬ ከተበላች የሚመጣውን ባና ማን ይሠራልኛል? ጸጉሯ እኮ ይበቅላል። እሷን የነካ እኔን ነካ!»

ጅቦ አዝኖ ወደ ቀበሮ ዞረ። «የዚህስ ጸጉር ለባና ይሆናል?»

«አይሆንም» አለ አንበሳ።

ቀበሮ የሚቀጥለውን ጥያቄ ለመስማት አልቆየም፤ ጉም ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ ሳያልቅ በሠሪው ላይ የሳቀ፣ ሥራው ሲያልቅ መግቢያ እንደሚያጣ ነው።