በቅመም ሚዛን የተመዘነ ጓዝ

በደሴ ብስክሌት ነጂዎች ዘንድ፣ ለመንገድ ሲነሳ ጓዙን ከልክ በላይ የሚያቀል ሰው ከታየ አንድ አባባል ጣል ይደረግበታል። የአባባሉ መነሻ ይመር ነው፤ እግሩ ፈጣን፣ ልቡ ግን ከእግሩ የባሰ ችኩል፣ ምሳውን እንኳ ቁጭ ብሎ የማይጨርስ ጎረምሳ።

አንድ ዓመት ክለቡ ለተራራ ውድድር ሦስት ነጂዎች ሊመርጥ ቀን ቆረጠ። ይመር ለከርሞ ከዕድሜ ገደቡ ያልፋልና የመጨረሻ ዕድሉ ነበር፤ ይህን ሲያስብ እንቅልፍ አጣ። ደንቡ አጭር ነው፦ ተራራውን ዞሮ መመለስ፣ የተበላሸበት ራሱ ይጠግን፣ የሰው እርዳታ የተቀበለ ይሰረዛል።

ሌላው ፍሬኑንና ሰንሰለቱን ሲፈትሽ፣ ይመር ከጎረቤት የቅመም ሚዛን ተውሶ መሣሪያውን ይመዝን ጀመር። የብሎን መፍቻ ኪያቤውን እጀታ በመጋዝ አሳጠረ። የጎማ መለጠፊያውን ከነሙጫው አስቀረ። የጎማ መንፊያውንም ወዲያ ብሎ፣ አውራ ጣት የምታክል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የምትነፋ የጋዝ ብልቃጥ ኪሱ ከተተ።

ሠላሳ ዓመት ብስክሌት የጠገኑት ጋሽ እንድሪስ ይህን አይተው ዝም አላሉም።

«ልጄ፣ መንፊያህን ያዝ። ተራራ አንዴ ብቻ ወግቶ አይተውም።»

«ይከብዳል እኮ፣ ጋሼ።»

«ስንት ቢመዝን ነው?»

«ሁለት መቶ ግራም።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

በምርጫው ዕለት ይመር ዳገቱን ሲወጣ የተከተለው አልነበረም። ቁልቁለቱን እንደጀመረ የፊት ጎማው ተነፈሰ። ትርፍ የውስጥ ጎማ ስለያዘ አልደነገጠም። ጎማ የሚቀይር ሰው አስቀድሞ የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣቱ ዳብሶ እሾሁን ይፈልጋል፤ ይመር ይህን ትዕግሥት ከየት ያምጣው? ቀየረ፣ ጋዙን ነፋ፣ ፈረጠጠ። የወጋው የቀጋ እሾህ ግን እዚያው ተሰክቶ ነበርና መቶ ሜትር ሳይሄድ ጎማው እንደገና ተኛ።

አሁን ጋዝም መለጠፊያም የለም። በተኛ ጎማ ቢነዳ ቸርኬው ይጣመማል፤ ብስክሌቱ ደግሞ የክለቡ ነው። ተቁነጠነጠ፣ ጎማውን በእርግጫ መታው። ሁለት ነጂዎች መንፊያቸውን ከብስክሌታቸው ጋር እንዳሰሩ አለፉት። መለመን እንዳማረው ቀረ። ሦስተኛነቷ እንኳ አታምልጠኝ ብሎ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ጫነና በድንጋዩ መሀል ሮጠ። ትከሻው ተላጠ፣ ግን አላረፈም። ከተማዋ ጫፍ ሲደርስ ሦስተኛው አለፈው።

መድረሻው ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጋሽ እንድሪስ ብስክሌቱን ከትከሻው አወረዱለት። የተሰበሰበው ሰው ልጁ ምን ሆኖ ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁና «ምን ይሆናል፤ መንፊያ የከበደው ብስክሌት ይሸከማል» አሉ።