በአንድ ድንኳን የተቀመጡ ሁለት እናቶች

አንዲት እናት ነበረች። ልጇ ታመመችባት። ሕመሙ ግን እኛ እንደምናውቀው ዓይነት አይደለም። ልጅቷ ስትጫወት ቆይታ ምግብ ትንሽ ከዘገየባት ዝልፍልፍ ትላለች። አንገቷን መሸከም ያቅታታል፤ እናቷን እያየች እናቷን አትለይም። ደግሞ ትነሳለች፤ ደግሞ ትወድቃለች። በተነሳች ቁጥር ግን ከበፊቱ ደክማ ነው የምትነሳው።

እናትየዋ በላይነሽ፣ ባሏ ደምሴ፣ ልጅቷ ናርዶስ ይባላሉ። ታዲያ ሰው ሲጠይቃቸው ምን የሚሉ ይመስላችኋል? «ጥርስ እያበቀለች ነው» ይላሉ። ጥርሱ በቅሎ ሲያልቅባቸው ደግሞ ሌላ ሰበብ ይፈልጋሉ። ምን ያድርጉ ወገኖቼ! «ዘራቸው በሽታ አለበት» መባልን ፈሩ። የዘር ነገር ሲነሳ እንዴት እንደምንሆን ታውቁት የለም? ሽማግሌ ከመላካችን በፊት ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን እኮ።

በመጨረሻ ዶክተር ሰብለ የምትባል ወጣት ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። እሷም ነገሩን ጠርጥራ የልጅቷን ዲኤንኤ አስመረመረች። ዲኤንኤ ማለት በሰውነታችን ውስጥ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው በሉት። ከናርዶስ ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ፊደል ተለውጣ ተገኘች። ሕመሙን ያመጣችው እሷ ትሆን? መድኃኒትስ አለው? ይህን ለማወቅ የናርዶስን ጽሑፍ ከሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚሆን የመረጃ ቋት ኢንተርኔት ላይ አለ። ለማንም ክፍት ነው። በየአገሩ ያሉ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ያገኙትን እያመጡ፣ የበሽተኛውን ስም ሳይጽፉ፣ ያስቀምጡበታል። ዶክተር ሰብለ የናርዶስን ፊደሎች አስገብታ እንዲህ ያለ ሌላ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ኮምፒዩተሩ ፈለገ፣ ፈለገና መለሰ፦ ተመሳሳይ አልተገኘም።

ተመሳሳይ አልተገኘም! ይህ ቃል ለእናት ምን እንደሆነ አስቡት። ከዚህ ሁሉ ፍጥረት መካከል የእሷ ልጅ ብቻ። በላይነሽ አምርራ አለቀሰች። እግዚአብሔር እኔን ለይቶ ጣለኝ አለች።

ዶክተሯ ተቆጣቻት። ቁጣው ግን የእህት ቁጣ ነው።

«ስሚኝ በላይነሽ» አለቻት። «ተመሳሳይ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። ያስቀመጠ የለም ማለት ነው። ቋት ያላስገቡበትን አያወጣም። የናርዶስን እናስቀምጠው። ምናልባት አንድ ቦታ እንዳንቺ ደብቃ የምታለቅስ እናት ትኖር ይሆናል።»

ደምሴ እምቢ አለ። ስም አይጻፍም ቢሉት አላመነም። ዞሮ ዞሮ ይሰማል፣ ነገ እህቶቼን ማን ያገባቸዋል አለ። ክፉ ሰው ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ናርዶስ ስትወድቅ ቀድሞ የሚሮጠው እሱ ነው። ፈርቶ ነው እንጂ።

እንዲህ ሲከራከሩ ከርመው አንድ ቀን ልጅቷ እቅፉ ውስጥ እንዳለች ዝልፍልፍ አለችበት። ያን ጊዜ በላይነሽ አየችውና «ደምሴ፣ እኛ የምናሳድገው ልጅ ነው ወይስ ስም?» አለችው። በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ሄዶ ይቀመጥ አለ።

ተቀመጠ። ወራት አለፉ። ከዚያ ከጅማ አንድ ሐኪም ለዶክተር ሰብለ ጻፈላት። ያችው ፊደል የተለወጠችበት ወንድ ልጅ ያክም ነበር። በፊት ሲፈልግ እሱንም ተመሳሳይ አልተገኘም ብሎታል። የልጁን ላስቀምጥ ሲል እናቱ በእግዚአብሔር ስም ለምና ከለከለችው። እስኪ ደግሜ ልሞክር ብሎ ሲፈልግ የናርዶስን ጽሑፍ አገኘ። ልጁን ያዳነው አንድ ቫይታሚን ነበር። ሐኪሙ ለእናቱ ሌላ እንደ ልጅሽ ያለ ልጅ አለ ሲላት አለቀሰችና፣ መድኃኒቱን ንገሯቸው፣ እኔም እናቷን ላግኛት አለች።

ቫይታሚን ወገኖቼ! ናርዶስ ያንኑ ጀመረች። ቀስ በቀስ አንገቷ ቀና አለ። መሮጥ ጀመረች። አሁን እናትና አባቷን የቸገራቸው እሷን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ሁለቱ እናቶች፣ ስም ሳይለዋወጡ፣ በሐኪሞቻቸው በኩል ተቀጣጥረው ዶክተር ሰብለ ክፍል ሊገናኙ ሆነ። በላይነሽና ደምሴ ቀድመው ደረሱ። በሩ ተከፈተ። ማን ገባች? ዘርፌ! የደምሴ የአክስቱ ልጅ! በየሠርጉና በየለቅሶው ከጅማ እየመጣች ድንኳን ውስጥ ከበላይነሽ ጎን የምትቀመጠው ዘርፌ። ለካ ያቺ ፊደል ከአንድ አያት ነው የወረደችው።

ከዚያ ዘርፌ «ጥርስ እያበቀለች ነው አላልሽኝም ነበር?» አለች።

«አንቺስ ጉንፋን ነው አላልሽኝም?»

ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እያለቀሱም ሳቁ። ደምሴ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ናርዶስ ስትወድቅ ስትነሳ፣ የዘርፌ ልጅ ድኖ ሲሮጥ ነበር። መድኃኒቱ በአንድ ድንኳን ውስጥ አብሯቸው ተቀምጦ ነበር።

እናንተስ? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ትላላችሁ። አዎ፣ ለጎረቤት ስትመክሩ ትላላችሁ! ለራሳችሁ ሲሆንስ? ትዳሩ የቀዘቀዘበት፣ ልጁ ሱስ የያዘበት፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ እዚህ የለም? አለ። ሁላችሁም በልባችሁ ፈልጋችኋል፤ «እንደ እኔ ያለ ሰው የለም» የሚል መልስ አግኝታችኋል። የለም ነው ወይስ ያስቀመጠ የለም?

ገመናችሁን ለወሬኛ አውጡ አላልኩም። ወሬኛውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ዛሬም መጥቷል፣ እንኳን ደህና መጣህ እንለዋለን። አንድ የምታምኑት ሰው ግን አታጡም። እናንተ ስትጀምሩ ነው እሱም የሚጀምረው።

ዛሬ ከጉባኤው ስንወጣ በሩ ላይ እንደ ልማዳችን እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ እንባባላለን። እግዚአብሔር ይመስገን ትላላችሁ። በሉ፣ መመስገኑ አይቅር። ግን እባካችሁ ልጆቼ፣ ዛሬ ከእሱ ቀጥሎ አንዲት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። አጠገባችሁ የተቀመጠችው ዘርፌ ብትሆንስ?