የማስጮህ ሙያ

አቶ ደምመላሽ የመዝናኛ ፓርክ ባለቤት ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው የጣሪያ እርግብ ያስበረግጋል፤ ሠራተኞቻቸውም ኮቴያቸውን ሲሰሙ መግቢያ ቀዳዳ ያጣሉ። አንድ ቀን አዳዲስ መጫወቻ የሚነድፍ መሐንዲስ ለመቅጠር ሲፈትኑ፣ አንዲት ምላሷ የማያርፍ ወጣት ቀረበች። ሥራ አጥታ ስለከረመች ንድፏን በጥንቃቄ ዘረጋች።

"ባቡሩ ሰው ጭኖ ሽቅብ ይወጣና ቁልቁል ይወረወራል" ስትል አስረዳች።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተሳፋሪው ይጮሃል።"

አቶ ደምመላሽ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ሰው ለማስጮህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው? እኔ ፊደል ሳልቆጥር ይኸው ሠራተኛውን ሁሉ አስጮሃለሁ! ካንቺ በምን አንሼ ነው ደመወዝ የምከፍልሽ? መልሺ፤ አለዚያ በሩ ያውልሽ!"

አብረዋቸው የተቀመጡት ኃላፊዎች አንገታቸውን ደፉ። ልጅቷ ዝም ልትል ሞከረች፤ ምላሷ ግን ቀደማት።

"ጌታዬ፣ በማስጮሁስ አንበላለጥም" አለች እጅ እየነሳች። "ብቻ እኔ ያስጮህኩት ሰው ገና ከመውረዱ፣ ደግሜ ልጩህ ብሎ ትኬት ለመቁረጥ ይሰለፋል። እርስዎ ያስጮሁት ግን የሚሰለፈው የሥራ መልቀቂያ ለማስገባት ነው።"

አቶ ደምመላሽ ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ፤ ወዲያው መልሰው ገጠሙት።

"ሰኞ ሥራ ጀምሪ" አሉ በሹክሹክታ።