ትርንጎን ማንሳት

አዳማ ውስጥ ሰዓት እየጠገነ የሚኖር አንተነህ የሚባል ቀጭን ሰው ሰርጉ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣ። ትርንጎን ነፍሱ እስኪወጣ ይወዳታል። ችግሩ ትርንጎ ደልደል ያለች፣ ቁመናዋ ያማረ፣ አጠገቡ ስትቆም ጥላዋ የሚውጠው ልጅ ናት። ወጉ ደግሞ ሙሽራው ሙሽሪትን ከቤተሰቧ ደጃፍ ታቅፎ እስከ መኪናው ማድረስ ነው። አንተነህ በዕድሜው ያነሳው ትልቁ ነገር የግድግዳ ሰዓት ነው። በአጎቶቿ ፊት ቢጥላትስ? ይህን ሲያስበው ላብ ያጠምቀዋል።

ቢጨንቀው ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው የሰፈር ጂም ሄደ። እዚያ የሚነሳው ብረት የአሮጌ መኪና አክስል ነው፤ ክብደቱም በወተት ጣሳ የተሞላ ሲሚንቶ። አሰልጣኙ ኮች ግዛቸው የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም ሌላው ሰው ተሳስቶ ነው።

«ስማ» አለው ኮች፣ «ኃይል የሚፈልግ ከባዱን ከአንድ እስከ አምስት ጊዜ ያነሳል። ጡንቻ የሚፈልግ መካከለኛውን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት። ጽናት የሚፈልግ ቀላሉን ከአሥራ አምስት በላይ። አንተ የምትፈልገው ምንድነው?»

«ሚስት።»

ኮች አልሳቀም። «ሙሽሪት ስንት ጊዜ ነው የምትነሳው?»

«አንዴ መሰለኝ።»

«በቃ! ከባዱን አንዴ ታነሳለህ፤ ከዚያ ቁጭ ብለህ ታርፋለህ።»

«ለማንኛውም ብዬ ቀለል ያለውን ደጋግሜ ብለማመድስ፣ ኮች?»

«ደጋግሜ? ስንት ሚስት ልታገባ ነው?»

ጂሙ በሳቅ ተናጋ። አንተነህ አፍሮ የታዘዘውን ሠራ። እውነቱን ለመናገር ኮች አልዋሸም፤ ሰርጉ ሲደርስ ያ ሰዓት ጠጋኝ ትርንጎን የሚያህል ሲሚንቶ ከመሬት ብድግ ያደርግ ነበር። አንዴ።

የሰርጉ ቀን በትርንጎ ቤት ደጃፍ አጎቶቿ ተደርድረዋል፤ ኮችም ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ መሃላቸው ቆሟል። አንተነህ ጎንበስ አለና ሙሽሪትን ብድግ! እልልታው ቀለጠ። ኮች አጠገቡ ለቆመው ሰው «የኔ ሥራ ነው» አለው።

«ቆይ፣ ቆይ!» ብሎ ጮኸ ካሜራማኑ። «የሚዜው ጃንጥላ ሸፈነብኝ። አስቀምጣትና እንደገና አንሳት!»

በሰርግ ቀን ካሜራማን ያለውን እምቢ የሚል አልተወለደም። አስቀመጣት። ጥርሱን ነክሶ ደግሞ አነሳት። የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ኮች ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«አሁንም አልሆነም!» አለ ካሜራማኑ። «ፊትህ ተጨማዷል። ሙሽራ እንዲህ አይኮሳተርም። አስቀምጣትና እየሳቅህ አንሳት!»

አንተነህ እንዳቀፋት ባለበት ደረቀ። ካስቀመጣት ሦስተኛ ማንሳት የሚባል ነገር እንደሌለ ክንዱ ነግሮታል። ከአጎቶቿ ታላቁ፣ ጋሽ በዳዳ፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ጠጋ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ከበደችህ እንዴ?»

ትርንጎ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። አዎ ቢል ትዳሩ እዚያው ሊያበቃ ነው፤ አይ ቢል ሊያስቀምጣትና ሊያነሳት ነው።

«እሷ ትከብዳለች እንዴ፣ ጋሼ!» አለ አንተነህ ትንፋሹን እየዋጠ። «ቅድም አንዴ አስቀምጫት እስካሁን ይቆጨኛል። ይቺን ልጅ ከእንግዲህ መሬት ለማስቀመጥ አቅም የለኝም!»

እልልታው ሰፈሩን አናጋው። ጋሽ በዳዳ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ካሜራማኑን ሰው ገፍትሮ ከመንገድ አወጣው። አንተነህ እንደምንም መኪናው ጋ ደርሶ ከትርንጎ ጋር አብሮ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

ከጫጉላው በኋላ ጂም ብቅ ሲል ኮች ግዛቸው በሰው ሁሉ ፊት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አየህ? ያኔ ያዳነህ የኔ ስልጠና ነው!»

«የመጀመሪያውን አዎ፣ ያንተ ስልጠና ነው ያነሳው» አለ አንተነህ። «ሁለተኛውን ያነሳው ፍርሃት ነው። ሦስተኛውን ግን ኮች፣ ያነሳልኝ ምላሴ ነው፤ እሱን ደግሞ ሚስቴን ሳባብል ደጋግሜ ያሠራሁት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ለሰርጉ የሚዘጋጅ ሰው ሲመጣ ኮች መጀመሪያ የሚጠይቀው የሙሽሪትን ክብደት አይደለም፤ «ቪዲዮ አለ?» ይላል፤ አለ ካሉት ቀላሉን አሥራ አምስት ጊዜ፣ ያውም እየሳቁ ያስነሳል።